ምሳ ከተከሳሹ ጋር

ተከሳሽ ለከሳሽ ዓሳ ይዞ ሲመጣ መጠርጠር ነበረባት። በቀጠሮው ቀን ማለዳ፣ ሺታዬ ገና ፊቷን ሳትታጠብ፣ የወንድሟ ሚስት አልማዜ ከነቅርፊቱ ያለ ትልቅ የባሮ ዓሳ በሁለት እጇ ታቅፋ በሯ ላይ ቆመች፤ ክርስትና ልታስነሳ የተዘጋጀች እንጂ ባሏ የተከሰሰባት ሴት አትመስልም። በአንድ ግቢ ሲኖሩ፣ ከአንድ ቧንቧ ሲቀዱ፣ በአንድ ገመድ ልብስ ሲያሰጡ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ‹እንደምን አደርሽ› ማለትን የሰሰተች ሰው ዛሬ ጥርሷ አልከደን ብሏል። «እትዬ፣ ሽማግሌዎቹ አምስት ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ይኼን ለምሳ እሠራዋለሁ። ዛሬ በቃ ይለቅ ይኼ ነገር» አለች። ዓሳው የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ መምሬ መልአኩ፣ አንዱ ሼህ ረድዋን ናቸው፤ በግ ይታረድ ቢባል ሁለት በግ ነው፣ አንዱ ለክርስቲያኑ አንዱ ለእስላሙ። ዓሳ ግን ከወንዙ ሞቶ ስለሚመጣ ማን ባረከው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ባሏ ወንዳፈረው በዕርቅም ቢሆን ኪሱን ያውቃል።

ነገሩ አጭር ነበር፤ ያረዘመው ፍርድ ቤቱ ነው። ሺታዬና ወንዳፈረው የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች ናቸው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ በሰፈራ ሲመጡ እሱ ጡት ያልጣለ ሕፃን፣ እሷ እሱን ያዘለች ልጅ ነበረች። ከዚያ እሱ ተማረ፣ ቢሮ ገባ፣ የሚሽከረከር ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ እሷ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች አባታቸውን እስከ መጨረሻይቱ ቀን አስታመመች። አባትየው ሊሞቱ ሲሉ የጓሮውን ሁለት ክፍል ‹የሺታዬ ነው› ብለው ተናዘዙ፤ ያኔ ጎረቤታቸው የነበረችው የኑዌሯ ኛዱዎት ውሃ ልታጠጣቸው አልጋው አጠገብ ቆማ ነበር። ወንዳፈረው አለቀሰና እሺ አለ። ከዚያም እንባውን ጠርጎ ሄደና የግቢውን ካርታ ሙልጭ አድርጎ በስሙ አወጣ። አሁን ግቢውን እንዳለ ሆቴል ለሚሠራ ሰው ሊሸጠው ተስማምቷል፤ እጁን የያዘው አንድ ነገር ቢኖር ሺታዬ ከስሳ ያስወጣችው እግድ ብቻ ነው። እግዱ የቆመው መዝገቡ ስላለ ነው። መዝገቡ ከተዘጋ እግዱ ይነሳል፤ እግዱ ከተነሳ ሺታዬ ከነስፌት መኪናዋ መንገድ ላይ ናት።

ፍርድ ቤት መመላለስን ያልቀመሰ ሰው ‹ታዲያ ሽማግሌ ለምን ትሰማለች› ሊል ይችላል። ሺታዬ ቀምሳዋለች። መጀመሪያ ዳኛው ሥልጠና ሄዱ ተባለ። ቀጥሎ ዳኛው ተዛወሩ፣ አዲሱ ዳኛ መዝገቡን አንብበው እስኪጨርሱ ተባለ። ከዚያ መብራት ጠፋ። ከዚያ ኛዱዎት ልትመሰክር ቀርባ አማርኛሽ ለችሎት አይበቃም ተባለች፤ የኑዌርኛ አስተርጓሚው ደግሞ ለወንጀል ችሎት ተወሰደ። ከዚያ ከተማው ተረበሸና ባጃጅ እንኳ የሚንቀሳቀስ ታጣ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። በእያንዳንዱ ቀጠሮ የተማሪዎችን ዩኒፎርም ሳትሰፋ ትውላለች፤ በእያንዳንዱ ቀጠሮ በር ላይ ያለው ማመልከቻ ጸሐፊ ክፍያው በገጽ ነውና በሦስት መስመር የሚያልቀውን አቤቱታ በሦስት ገጽ ያስረዝምላታል። ‹ክቡር ፍርድ ቤቱ ያለብኝን ከፍተኛ እንግልት ከግምት በማስገባት› ይላል፣ ራሱ የእንግልቱ አንድ ክፍል መሆኑን ሳያስብ። ወንዳፈረው ግን ይህ ሁሉ አይነካውም፤ ‹የፍርድ ቤት ጉዳይ አለኝ› ብሎ ከቢሮው ሲወጣ ደመወዙ አይቆረጥም። ፍትሕን መጠበቅ ለአንዱ የእረፍት ቀን፣ ለአንዷ የጾም ቀን ነው።

ስለዚህ መምሬ መልአኩ ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጠርተው «ልጄ፣ ቀጠሮው ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አይደል? በጠዋት ተቀምጠን እንጨርስና ተያይዘን እንሄዳለን፤ ዳኛው ዕርቁን መዝገብ ላይ ያሰፍሩታል፣ ያልቃል» ሲሏት ልቧ ደከመ። ሁለቱን ክፍል ከሰጣት ሌላውን ምን ልታደርገው። ደግሞም በሆዷ ያሰላችው ነገር ነበር። ወንዳፈረው ዓይኗ ሥር ከተቀመጠ ፍርድ ቤት ማን ሊቀርብ ነው? እስከ ዛሬ በየቀጠሮው የሚመጣው ራሱ ነው። እሷ ካልሄደች እሱም አልሄደም፤ ሁለት ሰው ሳይቀርብ ደግሞ ክርክር የለም። ይህን ሒሳብ ለማንም አላማከረችም፤ ትክክል መስሏት ነበር።

ለአምስት ሰዓት የተባሉት ሽማግሌዎች የመጡት ሰባት ሰዓት ሲሆን ነው። በጋምቤላ ሙቀት በዚያ ሰዓት የሚንቀሳቀስ ጤነኛ ሰው የለም፤ እነሱ ግን ምሳ ያለበትን ሰዓት አይስቱም። ሳሎኑ የወንዳፈረውን ነፍስ ይመስላል። የሶፋው ላስቲክ እስካሁን አልተገፈፈም፣ የተቀመጠበትን ሰው ጭን ይይዛል፤ ቬንትሌተሩ ወደ ባለቤቱ ብቻ ዞሮ ይነፍሳል፤ ግድግዳው ላይ የአባታቸው ፎቶ በትልቁ ታጥቦ በወርቃማ ፍሬም ተሰቅሏል። አባትየው በሕይወት ሳሉ ይህ ሶፋ ላይ ተቀምጠው አያውቁም፤ ሽንታቸውን አይችሉም ተብሎ መኝታቸው ጓሮ ነበር። ሺታዬ ከበሩ አጠገብ ካለችው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ማንም ወደ ውስጥ ግቢ አላላትም፣ እሷም አልገባችም። ወንዳፈረው ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀምጧል። ዓይን ለዓይን አልተያዩም። አንድ ጊዜ ብቻ ጉሮሮውን ጠረገና «እታለም፣ ውሃ ይምጣልሽ?» አላት፤ እታለም ብሎ ከጠራት ስንት ጊዜው ነው፣ እሷም ሞኝ ናትና ሆዷ ባባ።

ሼህ ረድዋን ነገሩን ጀመሩ፤ ከነገሩ ግን አልጀመሩም። ከወሎ ተነሡ። ድርቁን አወሩ፣ የተጫኑበትን መኪና አወሩ፣ የመጀመሪያውን ክረምት ወባ አወሩ፣ በዚያ ዘመን እስላምና ክርስቲያን አንድ ድስት ይበላ እንደነበር አወሩ። መምሬ ደግሞ በየመሐሉ ‹እውነት ነው› እያሉ ከሥር ያነሣሡታል። ከሁሉም የሰውን ጆሮ የሚያደክመው ሁሉም እውነት መሆኑ ነው። ሺታዬ አንድ ጊዜ «ሁለቱን ክፍል ይሰጠኛል አይሰጠኝም?» ብላ ጠየቀች። ሽማግሌዎቹ ቅር ተሰኙ። «ልጄ፣ ዕርቅ እንደ ገበያ አይደለም፤ መጀመሪያ ልብ ይታረቃል፣ ንብረት ይከተላል» አሉ መምሬ። ወንዳፈረው አንገቱን ደፍቶ «እናንተ ያላችሁት ይሁን» አለ። ይኼን መልስ ለሚሰማ ሰው መልአክ ነው፤ ልብ ብሎ ለሚያዳምጥ ግን ምንም አላለም። ቢሮ ሲሠራ የተማረው ትልቁ ሙያ ይኼው ነው፤ ምንም ሳይሉ መስማማት።

ዓሳው ስምንት ሰዓት አልፎ መጣ። በአንድ ሰፊ ትሪ ላይ እንጀራ ተዘርግቶ፣ ዓሳው በሽንኩርትና በቃሪያ ተለብልቦ፣ አልማዜ በወገቧ ጎንበስ ብላ ለሁሉም አስታጠበች። ሺታዬም ታጠበች። ከሳሽና ተከሳሽ ከአንድ ትሪ ላይ ሲቆርሱ መምሬ ‹እሰይ› አሉ፤ ወንዳፈረው ጎረሰና አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ ለእህቱ ዘረጋላት። እምቢ ይባላል? አይባልም። በሬ ካራጁ ይውላል የተባለው እንዲህ ላለው ቀን ነው። የባሮ ዓሳ ደግሞ የሚጣደፍ ሰው ምግብ አይደለም፤ አጥንቱ እየተለቀመ፣ እየታየ፣ ከምላስ እየተመዘዘ ነው የሚበላው። ሼህ ረድዋን እያንዳንዷን አጥንት ወደ ብርሃን አንሥተው ያዩአት ነበር። ሺታዬ «ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው» አለች። «አብረን ነን እኮ» አሉ ሼሁ። ትንሽ ቆይታ ደገመችው። «ሰውየሽ እዚህ፣ አንቺ እዚህ፤ ዳኛው ከግድግዳ ጋር ሊከራከሩ ነው?» አሉ መምሬ፣ ሁሉም ሳቁ። የራሷን ሒሳብ በሌላ ሰው አፍ ስትሰማው ልክነቱ በለጠባት።

ከዚያ ምርቃት ሆነ። የወሎ ሰው የትም ይስፈር፣ ምርቃት ሲጀመር መዳፉን ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ምርቃት ሳይዘጋ ብድግ ያለ ሰው ሰድቦ የወጣ ነው፣ ለልጅ ልጅ ይወራበታል። ሺታዬ መዳፏን ዘረጋች። መምሬ ጀመሩ፤ «ያጣላችሁን ሰይጣን ባሕር ያስጥመው»፣ አሜን። «ቤታችሁን የፍቅር ያድርገው»፣ አሜን። ቤት ካሉ በኋላ ከብት አሉ፣ ከብት ካሉ በኋላ መንገድ አሉ፣ ዝናብ አሉ፣ አገር አሉ፤ አገር ካሉ መቼ ያልቃል። እሳቸው ሲያበቁ ሼህ ረድዋን ተቀበሉ፤ እሳቸው ደግሞ ከነቢያት ጀመሩ። አሚን። ጥሪ የሌለው፣ ቀጠሮ የሌለው፣ ይግባኝ የሌለው ችሎት ነው። ሺታዬ ክንዷ ዛለ፣ ላቧ በክርኗ ተንጠባጠበ። ጉልበቱ ላይ የነበረው የወንዳፈረው ስልክ በዚህ መሐል ነዘረ። እሱ በአንድ ዓይኑ አነበበው፣ ስልኩን ገለበጠው፣ ከዚያ እስከ ዛሬ ባልወጣው ድምፅ «አሚን» አለ። ልጅ ሳለ የሰረቀውን ስኳር ዋጥ አድርጎ ሲጨርስ ፊቱ ልክ እንዲህ ይላላ ነበር፤ ያሳደገችው እሷ ናትና ታውቀዋለች። መዳፏን አጠፈች፣ ተነሣች፣ ከሼሁ ዓረፍተ ነገር መሐል አልፋ ወጣች። «ኧረ እትዬ፣ ምርቃቱ» ሲል የአልማዜ ድምፅ ከኋላዋ ተሰማ።

ባጃጁ የጠየቃትን ሳትከራከር ሰጠች። ሾፌሩ በመስታወቱ እያያት «ሰው ታሞብሽ ነው?» አላት። ፍርድ ቤቱ ግቢ ስትደርስ ከኒም ዛፉ ሥር የተሰበሰበው ባለጉዳይ ወረቀቱን እያራገበ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ረጅሟ ኛዱዎት ብቻዋን ቆማ ነበር። ኛዱዎት አሁን የምትኖረው ጀዊ የስደተኞች መጠለያ አጠገብ ከልጇ ጋር ነው፤ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ከዚያ ድረስ ትመጣለች፣ ላቧን ጠርጋ ትቀመጣለች፣ ‹ሌላ ቀን› ሲሏት ተነሥታ ትሄዳለች። በዚህ ክስ ውስጥ አንዲት ሳንቲም የማትጠብቅ ሰው እሷ ብቻ ናት፤ ቀጠሮ አንድ ቀን ያላጓደለችም እሷ ብቻ ናት።

«ጠሩሽ» አለቻት ኛዱዎት። «ሺታዬ፣ ሺታዬ አሉ። አንቺ የለሽም። እኔ ተነሣሁ። ‹እኔ አለሁ› አልኩ። ‹ሺታዬ አንቺ ነሽ?› አለኝ ዳኛው። ‹አይደለሁም› አልኩ። ‹ተቀመጪ› አለኝ።»

መዝገብ ቤቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ሳንዱዊቿን ወረቀት ሸፍናበት መዝገቡን ገለጠችው። ከሳሽ አልቀረበችም፤ ተከሳሽ በጠበቃው ቀርቧል፤ መዝገቡ ተዘግቷል፤ እግዱ ተነሥቷል። ሺታዬ ‹ተከሳሹ እኮ ቤቱ ነው ያለው› አለች። ልጅቷ በትዕግሥት ነገረቻት፤ ጠበቃ ከቀረበ ሰውየው ቀረበ ማለት ነው፣ ቤቱ ይተኛ፣ ቡና ይጠጣ፣ ሕጉ አይመለከተውም። ጠበቃው የዛሬ ሳምንት ውክልና አስገብቷል። የዛሬ ሳምንት። መምሬ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሳይጠሯት በፊት ማለት ነው። ጠበቃ የሌለው ሰው ሁለት ቦታ መገኘት አይችልም፤ ጠበቃ ያለው ግን እህቱን እያጎረሰ ፍርድ ቤት ይቆማል። ሺታዬ ሳቋ መጣ፤ ጤነኛ ሳቅ አልነበረምና ልጅቷ ሳንዱዊቿን ራቅ አደረገች።

«በአንድ ወር ውስጥ ማመልከት ትችያለሽ፤ ያልቀረብሽበት በቂ ምክንያት ካለሽና ማስረጃ ካቀረብሽ መዝገቡ ይከፈታል» አለች ልጅቷ። ማስረጃ። ከሰባት ሰዓት ጀምሮ የት እንደነበረች የሚያውቁ ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች አሏት፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? ዛፉ ሥር ቆማ ሼህ ረድዋን ጋ ደወለች። በስልኩ ውስጥ የሰው ሳቅና የብርጭቆ ድምፅ ይሰማል፤ ገና እዚያው ናቸው። እዚያ እንደነበረች ለፍርድ ቤት እንዲመሰክሩላት ለመነቻቸው። ሼሁ አልተቆጡም፤ ሰው ሲበድሉም ድምፃቸው ማር ነው። «ልጄ፣ ሽማግሌ ችሎት አይቆምም። ደግሞም ምርቃት ሳይዘጋ የወጣ ሰው በእኛ ወግ እንደመጣ አይቆጠርም። አልመጣሽም ማለት ነው። አላህ ልቦና ይስጥሽ።» ስልኩ ተዘጋ። ስለዚህ በመንግሥት መዝገብ ምሳ ላይ ስለነበረች ፍርድ ቤት አልነበረችም፤ በሽማግሌ ወግ ደግሞ ወደ ፍርድ ቤት ስለሮጠች ምሳ ላይ አልነበረችም። የዛሬው ቀን ከሁለቱም ወገን ተወስዶባት ያልኖረችበት ቀን ሆኗል። ለኛዱዎት በአጭሩ ነገረቻት።

«በእኛ ሽማግሌ ሲያስታርቅ የካሳው ከብት ይመጣል» አለች ኛዱዎት። «ከብቱ በዓይን ይታያል። አንቺ ምን አየሽ?»

«ዓሳ» አለች ሺታዬ።

ማመልከቻ ጸሐፊው ከበሩ ውጭ በሸራ ጥላ ሥር ላፕቶፑን ከፍቶ ተቀምጧል። ታሪኩን እስከ መጨረሻው አላስጨረሳትም፤ ሲሰማ የኖረ ሰው ነው። «ሽማግሌ፣ ምርቃት፣ ይኼን ተይው። ያልቀረብሽው ታመሽ ነው። ወባ እንበል፤ ጋምቤላ ውስጥ ወባን የሚጠራጠር ዳኛ የለም፣ ራሳቸውም ያዛቸዋል። የክሊኒክ ወረቀት የሚሰጥ ሰው አውቃለሁ፣ ዋጋው ከእኔ ሁለት ገጽ አይበልጥም። ከዚያ አንድ ሰው ቤትሽ ተኝተሽ አየኋት ብሎ ይምላል» አለና ጣቱን ወደ ኛዱዎት ቀሰረ። «እሷ ትሆናለች። ጎረቤትሽ አልነበረች?»

ሺታዬ ቀኑን ሙሉ የናቀቻቸውን ሰዎች አሰበች። ወንዳፈረውን፣ ካርታውን፣ መምሬን፣ ሼሁን፣ ያላየችውን የጠበቃውን ቦርሳ አሰበች፤ ከዚያ ሁለቱን ክፍል አሰበች። ነገ ጠዋት ገዢው ሜትር ይዞ ሊመጣ ይችላል። «ወባ በለው» አለች። ጸሐፊው መታ መታ አደረገ። ‹ክቡር ፍርድ ቤቱ በዕለቱ በደረሰብኝ ድንገተኛ የወባ ሕመም› የሚለው ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ከእውነት ይልቅ እውነት ይመስል ነበር።

ኛዱዎት አማርኛ ማንበብ አትችልም፤ የተባለውን ግን ሰምታለች። ጎንበስ ብላ ሺታዬን አየቻት። ቁጣ አልነበረባትም፣ መጠየቅ ብቻ ነበር የፈለገችው።

«አንቺ አልታመምሽም።»

«አልታመምኩም።»

«እኔ ታማለች ልበል?»

ሺታዬ መሬት መሬቱን አየች። «ካላልሽ ቤቴ ይሄዳል፣ ኛዱዎት።»

«እሺ። እላለሁ» አለች ኛዱዎት። ከዚያ፣ «ስለ አባትሽ የምናገረውስ?» ብላ ጠየቀች። «ቤቱን ለሺታዬ ሰጠ የምለው። ያንን ሰማሁ። ውሃ ይዤ ቆሜ ሰማሁ። ይኼን ስል እና ያንን ስል፣ ዳኛው በምን ይለየዋል?»

ጸሐፊው እጁን ከላፕቶፑ አንሥቶ ጠበቀ። ከኋላቸው አንድ ባለጉዳይ ተራው እንዲደርስ ይቁነጠነጣል። ሺታዬ መልስ ፈለገች። በዚህ ግቢ ስትመላለስ የሰማችውን ክቡርና ከግምት ማስገባት ሁሉ በአፏ ብታዞረው ለኛዱዎት የሚሆን አንድ ቃል አጣች። ይህች ሴት ከጀዊ ድረስ የመጣችው አንድ ነገር ለመናገር ነው፤ ሺታዬ ያንን ነገር በዚህ ወረቀት ካቆሸሸችባት ወንዳፈረው ከእሷ ከወሰደው የባሰ ከኛዱዎት ትወስዳለች።

«አጥፋው» አለችው ጸሐፊውን።

«ምኑን?»

«ወባውን። ምሳ ስበላ ነበር በል።»

«ምሳ ብዬ ልጻፍ?»

«ጻፍ። ከተከሳሹ ጋር፣ ከአንድ ትሪ፣ እሱ እያጎረሰኝ። የሽማግሌዎቹንም ስም አስገባ፤ ይካዱ፣ ቀርበው ይካዱ።»

ጸሐፊው ራሱን ነቀነቀ። «እመቤቴ፣ ይኼን ያነበበ ዳኛ ይስቃል።»

«ይሳቅ» አለች ሺታዬ፣ የገጹን ሒሳብ ከጉያዋ እየፈታች። «ዓመት ከመንፈቅ ሳለቅስለት ቀና ብሎ አላየኝም።»